ባቡሩ አለ?

ልጅ ሳለሁ በመቱ ከተማ ርኅራኄ የሌለው ሰው ማን ነው ብትሉኝ፣ ሳላስብ "አዴ ዋሪቱ"፣ በአማርኛ እትዬ ዋሪቱ እንደ ማለት ነው፣ እላችሁ ነበር። የታመመ አባቴን ከአልጋው ያስነሱት ነበራ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጠው፣ አባቴ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በተኛበት፣ አዴ ዋሪቱ በቆሎ የሞላ ስልቻቸውን ከደጃችን ያወርዱና በሩን በምርኩዝ ይመቱታል።

"ባቡሩ አለ?" ይላሉ።

እንደምን አደራችሁ የለ፣ እግዜር ይማርህ የለ። እናቴ ደግሞ ማባረር ሲገባት "አለ፣ ይግቡ" ብላ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትላቸዋለች። እኔ ከምድጃው ጥግ ሆኜ ሁለቱንም እገላምጣቸው ነበር።

ዛሬ እኔም ምርኩዝ ይዣለሁ። ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አባቴ ወንድይራድ ድሬዳዋ በባቡር ሥራ ላይ የፉርጎ አናጢ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሄዶ ዓመታት ሠርቶ፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል ወደ እናቴ አገር ወደ መቱ መጣ። ሥራውን ለምን እንደ ተወ እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረኝ የለም። ትልልቆቹ ሲያወሩ ከምሰማው፣ አንዱ የቆላ ወባ ትራፊ ነው ይላል፣ አንዱ ዓይን ነው ይላል፣ አንዱ ጸበል ካልተጠመቀ ይላል። አባቴ አይሳደብም፣ አይጠጣም፣ እጁን በሰው ላይ አያነሳም። ዝም ይላል እንጂ። ዝምታው ሲጠናበት ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ከዞረ ደግሞ ምግብም ቃልም አይቀበልም። አንድ ቀን እሱ ደጅ በወጣበት አልጋው ላይ ወጣሁና እንደ እሱ በጎኔ ተኝቼ ግድግዳውን ትክ ብዬ አየሁት። እዚያ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ነበር። ጭቃና ጭድ ብቻ ነው።

ከዚያ ግድግዳ መጀመሪያ ያላቀቁት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሼ አብደታ ናቸው። ክር ያለቀበትን የእንጨት መጠቅለያ ይዘው መጡና "እንካ፣ ለሻሽቱ ጎማ አድርግላት" አሉት። ሻሽቱ እኔ ነኝ። ጋሼ አብደታ ምንም ቢናገሩ ቀልድ ይመስልባቸው ነበር። አባቴ ግን ያቺን እንጨት በጣቶቹ ሲያገላብጣት ቆየና ተነሳ፤ ቢላዋ ፈለገ። በማግሥቱ ከሳርዲን ቆርቆሮ የተሠራች ፉርጎ ነበረችን። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ፖስታ ቤት የሚሠሩት ጋሼ ሸዋንግዛው ደግሞ ከተሰበረ የሸክላ ማጫወቻ ሞላውን ፈትተው አመጡ፤ እጀታው ሲጠመዘዝ ከጠረጴዛው ሥር የተዘረጋውን ገመድ እየሳበ ባቡሩን ያስኬደዋል። ከጭቃና ከአመድ ተራራ ቆመ፤ ከሽቦ የአዋሽ ድልድይ ተዘረጋ፤ ጣቢያውም ከነደወሉ ተሠራ። ሦስቱ ሰዎች ይህን ሁሉ በአንድ ስም "አገሩ" ይሉት ነበር። "አገሩን ዝናብ እንዳይነካው" ይባባላሉ። ራሳቸውንም የባቡር ማኅበር ብለው ሰየሙ።

አገሩ እየሰፋ ቤታችን አልበቃው ሲል፣ አንድ የቡና ነጋዴ ባዶ መጋዘናቸውን አዋሷቸው፤ አዲሱ ቡና እስኪደርስ ድረስ ነው። አባቴ ያን ክረምት እዚያ ዋለ። ማታ ማታ እያፏጨ ይመጣል። እናቴ ጥሩአየሁ ፉጨቱን ከመንገድ ስትሰማ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር፤ እንግዳ እንደሚመጣባት ሁሉ።

ቡና ግን መድረሱ አይቀርም። ጥቅምት ሲጋመስ በየጓሮው ፍሬው ቀላ፤ ነጋዴውም በትሕትና ቦታቸውን ጠየቁ። አገሩ ሌላ ማረፊያ ካላገኘ በአካፋ ተጠርጎ መውጣቱ ነው። ማኅበሩ መክሮ፣ ቡናው ተጭኖ እስኪሄድ ለጊዜው የሚያርፍበት ቦታ ይፈለግ፣ እግረ መንገዱንም የከተማው ሰው መጥቶ ይየው ተባለ።

ወጡ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ተማሪ ይሰብረዋል ብለው መለሷቸው። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እኛ አናውቅም፣ ለጠቅላይ ግዛቱ ለጎሬ ይጻፍና ጎሬ ይፍቀድ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሰንበቴውን ቤት ሲለምኑ፣ ቄሱ "ማኅበር ከሆናችሁ መልካም፤ በማን ስም ነው የምትጠጡት? የሚካኤል ነው የማርያም?" አሏቸው። ጋሼ ሸዋንግዛው ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና "የባቡር" አሉ። ቄሱ አማተቡ።

ጋሼ አብደታ ይህን ሲያወሩልን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም። ፉጨቱ ከቆመ ሰንብቶ ነበር። ያቀረቡለትን ነካ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ገና ወደ እኛ ነው፤ ትከሻው ግን መዞር ጀምሯል። እናቴ ያን ትከሻ አየች፤ እኔም አየሁት። አገሩ ከፈረሰ አባቴ ወደ እኛ አይመለስም። ይህንን ማንም አልነገረኝም። ልጅ ብዙ ነገር ይሳሳታል፤ እንዲህ ያለውን ግን አይሳሳትም።

በዚህ መካከል ጋሼ አብደታ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ እየሮጡ ገቡ። ቦታ ተገኝቷል። አዴ ዋሪቱ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከሰፈራችን በታች፣ በሁሩሙ መንገድ ላይ፣ ባለቤታቸው ማር ያከማቹበት የነበረ ረጅም ቤት አላቸው። ሳይለመኑ ነው የሰጡት ማለት ይቻላል።

"ለባቡራችን ለጊዜው ማረፊያ አጣን አልኳቸው" አሉ ጋሼ አብደታ። "ገና ሳልጨርስ 'ባቡር? እዚህ እኛ ሰፈር?' ብለው ጉልበት ሊስሙ ምንም አልቀራቸው። እንዲህ ባቡር የሚወድ ሰው ከተፈጠርኩ አላየሁም።"

አዴ ዋሪቱ ሌላም ሌላም ጠይቀዋቸው ነበር። ጩኸቱ ከብት ያስደነግጥ ይሆን? የለም፣ ትንሽ ናት። ናፍጣ ትጠጣለች? ጠብታ አትፈልግ፣ በእጅ ነው የምትጠመዘዘው። የሰፈሩ ሴቶችስ ይምጡ? ሁሉም ይምጣ። ክፍያው እንዴት ነው? በነጻ ነው፣ አዴ፣ እሁድ በነጻ ነው።

የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። በአማርኛም ቢሆን ያው ነበር።

አሁን እናንተ ገብቷችሁ ይሆናል። በኢሉባቦር ምድር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። በእኛ አገር በሴቶች አፍ ባቡር ማለት እህል የሚፈጭ ሞተር ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። ያን ጊዜ ከገበያው ማዶ አንድ ነበር፤ ለእኛ ሰፈር ሩቅ ነው፣ ዳገት ነው፣ ሰልፉም አይጣል ነው። ስለዚህ ብዙው ቤት በድንጋይ ይፈጭ ነበር። ጋሼ አብደታ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ግን ከአባቴ ጋር ስንት ወር ውለው፣ ባቡር ሲባል የሚታያቸው ሐዲዱ ብቻ ሆኖ ነበር። ወንድ ደግሞ እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት አይሄድ፤ ማን ያስታውሳቸው? እኔም ከአባቴ ባቡር በቀር ሌላ ባቡር መኖሩን የማላውቅ ልጅ ነበርኩ።

አገሩን ከነጠረጴዛው፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር በአራት በኩል ይዘው፣ አቧራ እንዳይነካው ነጭ ጋቢ አልብሰው፣ በመንገዱ መካከል አሳለፉት። መንገደኛው አስከሬን መስሎት ኮፍያውን እያወለቀ ይቆም ነበር። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ደረታቸውን መቱ። እኔ ሰው ሁሉ አባቴን ያከበረው መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ከኋላ ተከተልኩ።

በዚያው ሳምንት ከእናቴ ጋር ሶር ወንዝ ልብስ ልናጥብ ወረድን። አዴ ዋሪቱም ከልጃቸው ከዲሪቤ ጋር እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። ሳሙናው ይሸታል፤ ውሃው እግሬን ያደነዝዘኛል። እናቴ የአባቴን ሰማያዊ ሸሚዝ እያሸች ስለ ቤቱ አመሰገነቻቸው። አዴ ዋሪቱ ምስጋናውን በእጃቸው ገፉትና መዳፋቸውን ዘረጉላት።

"እይው፣ ጥሩአየሁ። መጁ እጄን መጅ አደረገው። የዲሪቤንም እይው፤ የልጃገረድ እጅ ነው ይሄ? ከእሁድ በኋላ ያንን ድንጋይ ለዶሮ መጠጫ ነው የማደርገው።" ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ባልሽን ዋቃ ይባርከው። ታሞ ተኝቶ ለእኛ ያስባል" አሏት።

የእናቴ እጅ ተከፈተ። ሸሚዙ ክንዶቹን ዘርግቶ ሄደ። እኔ ጮኼ በወንዙ ዳር ሮጥኩ፤ ቅርንጫፍ ይዞልኝ እንደ ሆነ ብዬ እስከ ጠመዝማዛው ደረስኩ። አልያዘውም። ተመልሼ ስመጣ እናቴ እጇን ውሃው ውስጥ እንዳደረገች ተቀምጣለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ለአንድ ሸሚዝ እንዲህ መሆን አለባት ወይ ብዬ አዘንኩባት።

ቤት ስንደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጣቢያው ላይ የሚለጠፈውን ሰሌዳ ይቀባል። ያፏጫል። እናቴ የልብሱን ሳፋ ሳታወርድ አጠገቡ ቆመች።

"ሸሚዝህን ወንዝ ወሰደው" አለችው።

"ይሂድ" አላት። "ከባቡሩ ቀድሞ አገር ይይ።" ብሎ ሳቀ። እኔ አባቴ ሲስቅ ጥርሱ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

እሁድ ደረሰ። ማር ቤቱ ተጠርጎ፣ የሰም ሽታው ከቀለሙ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ራስ ያዞራል። አባቴ ከድሬዳዋ ያመጣውን ካኪ ኮቱን ለብሶ በእጀታው አጠገብ ቆመ። ጋሼ ሸዋንግዛው የጣቢያውን ደወል ይዘዋል። ጋሼ አብደታ በር ላይ ሆነው እንግዳ ይቀበላሉ።

ሴቶቹ መጡ። በረድፍ፣ ከታች ከመንደሩም ከላይም። በየጀርባቸው ስልቻ፣ በየራሳቸው ቅርጫት፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍም ያመጡ ነበሩ። እየገቡ ሸክማቸውን በግድግዳው ሥር ደረደሩ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ለአባቴ ባቡር ጭነት ይዘው መጥተዋል! ፉርጎዎቹ ባዶ ሊሄዱ አይደለም። ሮጬ ከአንዱ ቅርጫት እፍኝ በቆሎ ዘገንኩና በየፉርጎው ጥቂት ጥቂት ፍሬ አደረግሁበት። ያ ሁሉ ስልቻ በስንት ምልልስ ያልቅ ይሆን እያልኩም አሰብኩ።

አባቴ እጀታውን ጠመዘዘ። ደወሉ ተደወለ። ባቡሩ በቆሎውን ጭኖ ከጣቢያው ወጣ፣ ተራራውን ዞረ፣ ድልድዩን ተሻገረ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው እንዲህ ጸጥ ሲል ተደንቆ ነው ብዬ ነበር።

አዴ ዋሪቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፤ ከሥሩ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከኋላው ዞረው አዩ። ከዚያ ጋሼ አብደታን፣ "ባቡሪቺ ኤሳ ጅራ?" አሏቸው። ባቡሩ የታለ ማለታቸው ነው። እያዩት የታለ ማለታቸው አሳቀኝ። ጋሼ አብደታ ግን ግድግዳው ሥር የተደረደረውን ስልቻ አዩ፣ አዴ ዋሪቱን አዩ፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ እንደ ጨርቅ ወደቀ። አንዲት ሴት "እህ" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረችና ቅርጫቷን አነሳች።

ባቡሩ ገና ይዞራል። ሞላው እስኪላላ ማንም አላቆመውም።

አባቴ አንዴ ሴቶቹን፣ አንዴ በየፉርጎው ያለውን የበቆሎ ፍሬ አየ። እናቴን አላያትም። እናቴ ደግሞ ከመሬት በቀር ሌላ አታይም። እኔ አሁን ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ማር ቤቱም ግድግዳ አለው። አባቴ ግን ኮቱን አወለቀ፤ አጥፎ በተራራው ላይ አኖረው። ወደ አዴ ዋሪቱ ሄዶ ስልቻቸውን ከመሬት አነሳና በትከሻው ላይ አደረገ።

"ተው፣ ኢልመ ኮ" አሉት። ልጄ ማለታቸው ነው። "የሴት ሸክም ነው።"

"ባቡር ብለናል፣ አዴ" አላቸው። "ወደ ባቡሩ እወስደዋለሁ።"

ወጣ። ጋሼ አብደታ ትልቁን ጆንያ አነሱ። ጋሼ ሸዋንግዛው፣ በዕድሜያቸው ከፖስታ ከረጢት ሌላ ያልተሸከሙት፣ የአንዲትን አሮጊት ማሽላ ጀርባቸው ላይ አዘሉ። ሴቶቹ የቀረውን ይዘው ተከተሉ። አባቴ ከፊት፣ ሌላው በረድፍ፤ ዳገቱን ስንወጣ መንገዱ ሲጠመዘዝ ሰልፉም ይጠመዘዛል። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ የገባኝ መስሎኝ። ትልልቆቹ ባቡር ባቡር እየተጫወቱ ነው! አባቴ ራሱ ባቡር ሆነ፣ እኛ ደግሞ ፉርጎዎቹ። የመጨረሻዋን ሴት ቀሚስ ጫፍ ይዤ "ቱ ቱ" እያልኩ ተጎተትኩ። ገበያው ጋ ስንደርስ አንዱ ጠላ ቤት በር ላይ የቆመ፣ "ወንዶቹ ሴት ሆኑ፤ ሊፈጩ ነው" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ለጨዋታችን የሳቀ መሰለኝ።

ዛሬ ያ ዳገት ሲታሰበኝ ሳቅ አይመጣልኝም። አባቴ ሰው ፊት መቆም የሚከብደው ሰው ነበር። ያን ዕለት ሰው ሁሉ እያየው፣ በገበያው መካከል፣ ከሴቶች ጋር ወፍጮ ቤት ተሰልፎ፣ የመጨረሻዋ ሴት እህል ተፈጭቶ እስኪያልቅ ቆመ። ሲመለስ ዱቄቱ እስከ ሽፋሽፍቱ አልብሶት ነበር። እኔ እየሳቅሁ ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩት።

እናቴ ውሃ አቀረበችለት። ሳይታጠብ ቆየ።

"ታውቂ ነበር?" አላት።

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሸሚዝህ የሄደ ቀን።"

ስለ ሸሚዙ የሚጣሉ መስሎኝ መሐል ገባሁ። ወንዙ ነው የወሰደው፣ እማዬ አይደለችም፣ እኔ ሮጬ አጣሁት አልኩ። አባቴ ዱቄታም እጁን ራሴ ላይ አደረገና ለረጅም ጊዜ አላነሳውም። "አውቃለሁ" አለኝ። "እማዬ አይደለችም።"

አገሩ ከማር ቤቱ አልወጣም። አባቴ ቦታቸውን ሊለቅ ቢሄድ አዴ ዋሪቱ "ለጊዜው ብያለሁ፤ ጊዜው መች አለቀ?" ብለው መለሱት። ዶሮዎቻቸው በተራራው ላይ ይተኙ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እጀታውን እየጠመዘዝን እንጫወትበት ነበር። አባቴ ግን ከዚያ እሁድ በኋላ በእጁ አልነካውም። በከተማውም ስሙ ተለወጠ፤ ወንድይራድ ቀረና ባቡሩ ተባለ። አንዳንዱ ለማሾፍ ነው፣ አንዳንዱ ለፍቅር፤ እኔ መለየት አልችልም ነበር።

ክረምት በገባ ቁጥር ትከሻው መዞር ይጀምራል። ከዞረ በኋላ ደግሞ አዴ ዋሪቱ ስልቻቸውን ከደጃችን ያወርዳሉ። አባቴ መጀመሪያ አይሰማም። ይደግሙታል። ሦስተኛ ሲመቱ አልጋው ይንቋቋል፤ እግሩ ወደ መሬት ይወርዳል። ሳይናገር ስልቻውን ተሸክሞ በዝናቡ ውስጥ ዳገቱን ይይዛል። ዱቄት ለብሶ ሲመለስ ይበላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል። እኔ ግን የሚታየኝ፣ ሴትዮዋ በማር ቤታቸው ውለታ የታመመ ሰው እንደ አጋሰስ መጫናቸው ነበር። በመንገድ ሳገኛቸው ሰላም አልላቸውም።

እናቴ ካረጀች በኋላ፣ እኔም ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው ነገሩን የነገረችኝ። ከዚያ እሁድ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት፣ አባቴ ሲዞርባት ሄዳ አዴ ዋሪቱ እግር ላይ ወድቃ ነበር። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የሄደችው፤ አፏ ግን ያወጣው ሌላ ነው። "ስልቻዎን ይዘው ይምጡልኝ። አይዘኑለት፤ ማዘን ያደክመዋል" አለቻቸው። አዴ ዋሪቱም አላዘኑለትም። ቃላቸውን ጠበቁ።

ዲሪቤ ደግሞ ሌላውን ጨመረችልኝ። በነሐሴ፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ባልደረሰበት ወር፣ በእነሱ ቤት የሚፈጭ ነገር አይኖርም ነበር። እናቷ ያን ጊዜ በየጎረቤቱ እየዞሩ፣ ካንዱ ጣሳ ካንዱ ጣሳ እየለመኑ ስልቻውን ይሞሉ ነበር። ሲፈጭ ደግሞ ዱቄቱን ለየባለቤቱ ይመልሳሉ። ለራሳቸው አንድ እፍኝ አይቀርላቸውም። ጎረቤቱ ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል። አባቴስ ያውቅ ነበር? ዲሪቤን ጠየቅኋት። "ስልቻው ውስጥ በቆሎም ማሽላም ተደባልቆ እያየ፣ የአናጢ ዓይን ይስታል?" አለችኝ።

አባቴ ያረፈው በልብ ሕመም ነው፤ በክረምት ሳይሆን ፀሐይ በወጣበት በኅዳር ወር። ለቅሶው ላይ አዴ ዋሪቱ በዲሪቤ ክንድ ተደግፈው መጡ። ያን ጊዜ ዓይናቸው ብዙም አያይም ነበር። ደጃችን ሲደርሱ ከልማድ የተነሳ ይሆናል፣ ምርኩዛቸውን አንስተው በሩን ሊመቱ ዘረጉት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበርና ምርኩዙ ነፋስ መታ። ወደቁ ብዬ ደገፍኳቸው።

"ባቡሬ ቆመ" አሉ።

ከገጠር ለለቅሶ የመጡ ዘመዶቻችን ዞር ብለው ተያዩ። አሮጊቷ በሰው ለቅሶ ላይ ስለ ወፍጮ ያወራሉ ብለው ያንሾካሹኩ ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ግን ደረታቸውን መቱ። እኔም ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አዴ ዋሪቱን ጉልበታቸውን ስሜ "ይግቡ" አልኳቸው።